አንድ መልእክት አንድ ጊዜ፦ የኮንዶሚኒየም ቴሌግራም ግሩፕ አያያዝ

የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ። ከከተማው ዳር ባሉት ሳይቶች የሚኖር ሠራተኛ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ከመሸ ይገባል። ቀኑን ሙሉ የሰፈሩን ወሬ የሚያገኘው ከስልኩ ነው፦ ውሃ መጣ፣ መብራት ጠፋ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ሰው ዐረፈ። ለዚሁ የተከፈተው የሳይቱ ግሩፕ ግን ብዙ ጊዜ ዓመት ሳይሞላው አንባቢ ያጣል። ሰዉ ድምፁን ይዘጋዋል፣ ከዚያ አንድ ቀን የጎረቤቱ ቀብር ያመልጠዋል። ግሩፕን የሚገድለው ከጠብና ከስድብ ይልቅ ድግግሞሽ ነው። አንዱ ነገር አምስት ጊዜ ከመጣ ስድስተኛውን የሚከፍት የለም፤ ስድስተኛው ደግሞ አዲስ ነገር ሊሆን ይችላል።

በዕድር ጡሩንባ ነፊው አንድ ነው። እየዞረ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራል፤ የሰማ ሰው ሌላ ጡሩንባ አንሥቶ ከኋላው አይከተልም። የስልኩም ግሩፕ የሚያዘው በዚሁ ሥርዓት ነው። ለአንድ ጉዳይ አንድ ተናጋሪ ይኑር፤ የሚጨምር ካለ እዚያው ላይ ይጨምር።

መልእክት ለምን ይደጋገማል?

የመጀመሪያው ጥፋተኛ ኔትወርክ ነው። መልእክት ጽፋችሁ ስትልኩ ከጎኑ የሰዓት ምልክት ከታየ ገና ከስልካችሁ አልወጣም፤ ቴሌግራም ግን ይዞታል፣ መስመሩ ሲመለስ ራሱ ይልከዋል። ብዙ ሰው «አልሄደም» ብሎ እንደገና ይጽፋል፣ ሦስተኛም ይሞክራል። ኔትወርኩ ሲመጣ ሦስቱም ተከታትለው ይገባሉ። ሰዓቷን ካያችሁ ጠብቁ። ጽሑፉን መቀየር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ያልሄደውን አጥፉት፣ ከዚያ አዲሱን ጻፉ። ቀይ የቃለ አጋኖ ምልክት ከመጣ ግን አልተላከም ማለት ነው፤ እሱኑ ነክታችሁ ድጋሚ ላኩት እንጂ ሌላ አትጻፉ። አንድ የእርማት ምልክት ከታየ መልእክቱ ግሩፑ ውስጥ ገብቷል፤ ሁለት ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰው አንብቦታል። «ደርሷችኋል?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ትርፍ መልእክት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የግሩፖች ብዛት ነው። አንድ ሰው የብሎኩ፣ የሳይቱ፣ የዕድሩ፣ የዕቁቡና የወላጆች ግሩፕ ውስጥ አለ። አንዱ ጎረቤት በቅንነት ማስታወቂያውን ለአምስቱም ፎርዋርድ ሲያደርግ ያ ሰው አምስት ጊዜ ይደርሰዋል። ፎርዋርድ ከማድረጋችሁ በፊት ራሳችሁን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ እዚህ ግሩፕ ውስጥ ከዋናው ግሩፕ የሌለ ሰው አለ? ከሌለ ተዉት።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ የፊደል ነገር ነው። ሰው የቆየ ማስታወቂያ ፈልጎ ሲያጣ ነው እንደገና የሚጠይቀው፤ የሚያጣውም በአጻጻፍ ልዩነት ነው። አንዱ «ውሃ» ይላል፣ ሌላው «ውኃ»፣ ሌላው «ውሀ»፣ ወጣቶቹ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጽፉታል። ለስልኩ እነዚህ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። መድኃኒቱ ኮሚቴው ከአምስትና ስድስት የማይበልጡ ቋሚ መለያዎችን መርጦ ሁልጊዜ በአንድ አጻጻፍ መጠቀም ነው፦ #ውሃ፣ #መብራት፣ #ጉባኤ፣ #ዕድር፣ #ጥበቃ። መለያው በማስታወቂያው መጀመሪያ ይቀመጥ። የሚፈልግ ሰው መለያውን ሲነካው የቀደሙት ሁሉ ይዘረዘሩለታል። ዝርዝሩንም በግሩፑ መግለጫ ላይ ጻፉት፤ «ዕድር» በዐይኑ «ዕ» ይሁን በአልፋው «እ» አንድ ጊዜ ተስማሙና አትለዋውጡ።

ግሩፑን እንዴት እንከፋፍለው?

ብዙ ኮሚቴ ለማስታወቂያ ቻናል፣ ለውይይት ግሩፕ ከፍቶ ሁለቱን ያገናኛል። ለትልቅ ድርጅት ይመቻል፤ ለሳይት ግን እንዲህ ባታደርጉት እንመርጣለን። ሲገናኙ በቻናሉ የወጣው ሁሉ በራሱ ወደ ግሩፑ ይገባል፤ ሁለቱም ውስጥ ያለ ሰው እያንዳንዱን ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ ያየዋል። ድግግሞሹን በገዛ እጃችሁ ተከላችሁት ማለት ነው።

የሚሻለው አንድ ግሩፕ ይዞ በውስጡ ርዕሶችን መክፈት ነው። የግሩፑ ባለቤት የግሩፑን ስም ይነካል፣ ወደ ማስተካከያው ይገባል፣ «ቶፒክስ» የሚለውን ያበራል። ከዚያ አራት ርዕስ ይበቃል፦ ማስታወቂያ፣ ውሃና መብራት፣ ዕድር፣ ውይይት። የሚሸጥና የሚከራይ ዕቃ የሚለጠፍበት ሰፈር ከሆነ አምስተኛ «ገበያ» ይጨመር፤ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ሰው የትኛው ውስጥ እንደሚጽፍ ይቸገራል። «ማስታወቂያ» የሚለውን ርዕስ ዝጉት፤ ርዕስ ሲዘጋ ከአድሚን በቀር የሚጽፍበት የለም። እያንዳንዱ ርዕስ ድምፁ ለብቻው ስለሚዘጋ የገበያው ጫጫታ ያስቸገረው ሰው የማስታወቂያውን ድምፅ ክፍት አድርጎ ሌላውን መዝጋት ይችላል።

ቅንብሩ ላይ ሳላችሁ የቀድሞ መልእክቶች ለአዲስ አባላት እንዲታዩ አድርጉ። ይህ ካልተደረገ አዲስ የገባ ተከራይ ባዶ ገጽ ያይና ባለፈው ሳምንት የተመለሰውን ሁሉ ከመጀመሪያው ይጠይቃል። እሱ አይወቀስበትም።

ማስታወቂያ አጻጻፍ

«ውሃ መጣ» የሚለውን እንውሰድ። ከተማ መሀል ሥራ ላይ ላለ ሰው ይህ ሁለት ቃል ምንም አይነግረውም። የትኛው ብሎክ? ምድር ላይ ነው ወይስ አራተኛ ፎቅ ደርሷል? ግፊቱ ደካማ ከሆነ ታች ያለው በርሜሉን ሲሞላ ላይ ያለው ቧንቧ አየር ብቻ ይተፋል። ስለዚህ ሌላው «እኛ ጋ የለም» ይላል፣ ሦስተኛው «የት ነው የመጣው?» ይላል፣ አርባ መልእክት ተጽፎ ለቤተሰቡ «በርሜል ሙሉ» ብሎ መደወል እንዳለበት የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ትክክለኛው ይህን ይመስላል፦

«#ውሃ ብሎክ 9፣ ጠዋት 4፡20። እስከ 2ኛ ፎቅ ደርሷል፣ ግፊቱ ደካማ ነው።»

ከዚህ በኋላ የሚጽፍ ሰው አዲስ አይጀምር፤ ለዚሁ መልእክት መልስ ሰጥቶ «ብሎክ 11፣ ምድር ብቻ» ይበል። ለቀኑ አንድ የውሃ መልእክት፣ ሌላው ሁሉ ከሥሩ። ሲሄድም የመጀመሪያው ጸሐፊ የራሱን መልእክት አስተካክሎ «6፡45 ሄዷል» ይጨምርበት።

መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው። «እናንተም ጋ ጠፋ?» የሚለው ጥያቄ በየደረጃው ይነሣል። ተረኛው ወደ 905 ደውሎ ያስመዝግብና «#መብራት ከብሎክ 1 እስከ 12 ጠፍቷል፣ 2፡10 ላይ ለ905 ተነግሯል» ይበል። ለውሃ ብልሽት ቁጥሩ 906 ነው። ማን እንደደወለ ከታወቀ ሌላው መደወሉንም መጻፉንም ይተዋል።

ስለ ማስተካከል ሁለት ነገር እወቁ። ተራ አባል የላከውን መልእክት ማስተካከል የሚችለው በ48 ሰዓት ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ የተስተካከለ መልእክት አዲስ ድምፅ አያሰማም። የፊደል ስሕተት ስታርሙ ይህ መልካም ነው፤ ማንም አይረበሽም። የስብሰባ ሰዓት ስትቀይሩ ግን ማረሙ ብቻ አይበቃም፦ ዋናውን አርሙት፣ ከሥሩ ደግሞ «ሰዓቱ ከ8 ወደ 9 ተዛውሯል» የሚል አንድ መስመር በመልስ መልክ ላኩ። አርማችሁ ዝም ካላችሁ ጠዋት ያነበበው በ8 ሰዓት ይመጣል፤ ሳታርሙ አዲስ ብቻ ከላካችሁ ደግሞ ሁለት እርስ በርሱ የሚጋጭ ማስታወቂያ ግሩፑ ውስጥ ይቀራል፣ ቆይቶ የሚያነበው ሰው የትኛው እውነት እንደሆነ አያውቅም።

አድሚን የሌላውን ሰው መልእክት ማጥፋት እንጂ ማረም አይችልም። ስለዚህ ማስታወቂያ የሚለጥፈው ሰው ቀኑን ስልኩ በእጁ ያለ ይሁን። ለጥፎ እስከ ማታ ስልኩን የሚዘጋ ሰው ስሕተቱን ይዞት ይሄዳል።

ሰዓት ላይ ብዙ ጥፋት ይፈጠራል። መልእክት ቀድሞ ጽፎ በቀጠሮ ለማስላክ የመላኪያውን ቁልፍ ጫን ብሎ መያዝ ነው፤ «ስኬጁል» የሚል ይመጣል። እዚያ የምትሞሉት ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው። ለእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ስልኩ ላይ 14፡00 ነው፤ 8፡00 ብላችሁ ከሞላችሁ ጠዋት በ2 ሰዓት ይሄዳል። ቀኑም በፈረንጅ ነው፤ የካቲት 15 ቀን 2018 ለስልኩ ፌብሩዋሪ 22 ነው። በማስታወቂያው ላይ ግን ቀኑን ከነዕለቱ በእኛው አቆጣጠር ጻፉ፣ «ጠዋት»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚለውንም አትዝለሉ። «ነገ» ብቻ አይበቃም፤ እኩለ ሌሊት አልፎ የሚያነበው ሰው ነገ የቱ ነው?

በዚያው ቁልፍ ሥር መልእክትን ድምፅ ሳያሰማ መላኪያም አለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የሚላክ፣ አደጋ ያልሆነ ነገር ሁሉ በዚህ ይሂድ። ፒን ማድረግ፣ ማለትም መልእክቱን ከግሩፑ አናት ላይ መስቀል፣ ግን ተቃራኒው ነው፤ ለሁሉም ይድረስ ብላችሁ ካደረጋችሁት ድምፅ የዘጋውም ሰው ይሰማዋል። ስለዚህ ለሞት፣ ለጉባኤና ለአደጋ ብቻ አስቀሩት።

ሞት ሲሆን

ይህ ከሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው ነው። መርዶ በቴሌግራም አይረዳም። ልጁ ክፍለ ሀገር፣ እህቱ ዐረብ አገር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሽማግሌዎች ገና እንዴት እናርዳቸው ብለው እየመከሩ ሳለ የሟቹ ስም ግሩፕ ላይ ከወጣ ወሬው በደቂቃ ውስጥ ይቀድማቸዋል። የዕድሩ ዳኛ ወይም ጸሐፊ ከቤተሰቡ ፈቃድ ሳያገኝ ማንም ስም አይጻፍ፤ «ብሎክ 14 ለቅሶ ይሰማል፣ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅም ያው ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ አድሚኑ ወዲያው ያንሣው።

ፈቃድ ሲገኝ ጸሐፊው አንድ መልእክት ይጽፋል፦ የሟቹ ሙሉ ስምና ብሎክ፣ የቀብሩ ዕለት፣ ሰዓትና ቦታ፣ አውቶቡሱ ከየት በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ተረኛው ምድብ የትኛው እንደሆነ። ሙስሊም ጎረቤት ሲያርፍ ቀብሩ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ስለሆነ ጊዜ የለም፤ ሰዓቱ «ከዙህር ሶላት በኋላ» ወይም «ከዐስር በኋላ» ተብሎ ከመስጊዱና ከመቃብሩ ስም ጋር ይጻፍ፣ ፒን ይደረግ፣ ስልክም ይደወል።

ከዚያ የሚመጣው «ነፍስ ይማር» ነው። ሰው ሐዘኑን መግለጡ ተገቢ ነው፤ ዝም ማለት የከበደው ሰው ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን መቶ ሰው ሲጽፍ የቀብሩ ሰዓት መቶ መልእክት ወደ ላይ ይርቃል፣ ከሥራ አምልጦ ሊደርስ የሚሮጠው ሰው አያገኘውም። ሁለቱንም የሚያስማማ መንገድ አለ፦ ማስታወቂያው በተዘጋው «ማስታወቂያ» ርዕስ ይውጣ፣ ሐዘን መግለጫው «ዕድር» በሚለው ርዕስ ውስጥ ይጻፍ። ማስታወቂያው ላይም በመጨረሻ «ሐዘናችሁን በዕድር ርዕስ ሥር ግለጹ» ይባል። ቤተሰቡም ቆይቶ ሲከፍተው የሰዉን ቃል በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ያገኘዋል።

ገንዘብና ቆጠራ

የወር መዋጮ ሲሰበሰብ የክፍያ ስክሪንሾት ግሩፕ ላይ መለጠፍ ልማድ ሆኗል። ይቅር። ባንኩ ወይም ቴሌብር የሚልከው አጭር መልእክት ቀሪ ሂሳባችሁንም ይዞ ነው የሚመጣው። ለገንዘብ ያዡ በግል ላኩ፤ ስትከፍሉም በምክንያቱ ቦታ ብሎክና ቤት ቁጥር፣ ወሩንም ጨምሩ፦ «14/07 የካቲት»። ገንዘብ ያዡ በወር አንድ ጊዜ የከፈሉትን በቤት ቁጥር ብቻ ዘርዝሮ ያወጣል። ያልከፈሉት በግል ይጠየቃሉ እንጂ ስማቸው አይለጠፍ፤ የታመመ፣ ሥራ የፈታ አለ።

«እመጣለሁ»፣ «እኔም»፣ «እንመጣለን» እየተባለ ገጽ ከሚሞላ ድምፅ መስጫ ክፈቱ። ስም የሚያሳይ ይሁን፣ ሦስት ምርጫ ይበቃል፦ እመጣለሁ፣ አልመጣም፣ ተወካይ እልካለሁ። ይህ ግን የጉባኤውን ሕጋዊ ጥሪ አይተካም። የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚቋቋሙ ናቸው፤ በማኅበራችሁ መተዳደሪያ ደንብ ጥሪ እንዴት እንደሚደረግ ከተጻፈ እሱ ይቅደም።

ቴሌግራም የሌላቸውና ሩቅ ያሉት

በየብሎኩ በቁልፍ ስልክ የሚጠቀሙ አዛውንት አሉ። ለእነሱ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላካል፤ እዚህ ላይ የፊደሉን ቁጥር እወቁ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው፣ ክፍተቱና ነጥቡም ይቈጠራል። ካለፈ ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል 67 ፊደል ይዞ ይሄዳል፤ ሂሳቡም በክፍሉ ልክ ነው። አሮጌ ስልክ ላይ ደግሞ ክፍሎቹ ተለያይተው ስለሚታዩ ሰውየው ሁለት መልእክት የመጣለት ይመስለዋል። እንዲህ አሳጥሩት፦

«እሁድ የካቲት 15 ከቀኑ 8 ሰዓት ጠቅላላ ጉባኤ፣ የግቢው አዳራሽ። ኮሚቴው»

ይህ ከነክፍተቱ 47 ፊደል ነው። ዝርዝሩ በደረጃው መግቢያ በወረቀት ይለጠፍ፣ ቀኑ ሲያልፍም የለጠፈው ሰው ይንቀለው።

ቤታቸውን አከራይተው ውጭ አገር የሚኖሩ ባለቤቶች ብዙዎቹ በኢሜይል ነው የሚገኙት። ወደ እሱ የተላከው ለአባላቱ ሁሉ የሚደርስ አንድ የጋራ የኢሜይል አድራሻ ከፍታችሁ ሁሉንም እዚያ አስገቡ፣ ማስታወቂያውን ለዚያ አድራሻ ብቻ ላኩ። ድግግሞሹ የሚጀምረው መልስ ሲሰጥ ነው፦ «ለሁሉም መልስ» የሚለውን የነካ ሰው የጋራውን አድራሻና የጸሐፊውን የግል አድራሻ አብሮ ይዞ ስለሚልክ ጸሐፊው ሁለት ቅጂ ሊደርሰው ይችላል። የግሉን አጥፍታችሁ የጋራውን አስቀሩ። የጂሜይል ተጠቃሚዎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ወደ ጋራው አድራሻ የላካችሁት ወደ ራሳችሁ ገቢ ሳጥን ተመልሶ አይመጣም። ጂሜይል የራሳችሁን መልእክት ደግሞ አያሳያችሁም እንጂ ሄዷል። ይህን ሳያውቁ «አልደረሰም» ብለው ደጋግመው የሚልኩ አሉ። የተላኩትን ሳጥን ተመልከቱና ተዉት።

አድሚኑ እንዴት ያርማል?

ሦስት አድሚን ይኑር፤ ቢያንስ አንዱ ቀን ቤት የሚውል ይሁን። የተደገመ መልእክት ሲመጣ ከሁለቱ መልስ የተሰጠበት ይቀር፣ ሌላው ይጥፋ። ሁለተኛው አዲስ ነገር ካለው አታጥፉት፤ ባለቤቱ ጭማሪውን ከመጀመሪያው ሥር እንዲጽፈው ጠይቁ። በሰው ፊት «ይሄ ተለጥፏል እኮ፣ አታነቡም?» ማለት ግን አይገባም፤ በተለይ ለትልቅ ሰው። ያ ሰው ሁለተኛ አይጽፍም፣ አስፈላጊ ነገር ያየ ቀንም ዝም ይላል። በግል እንዲህ ይባላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። ስለ ውሃው የላኩት ጠዋት ወጥቶ ስለነበር እንዳይደራረብ አንሥቼዋለሁ። የተቀየረ ነገር ካለ ይንገሩኝ፣ ከዋናው ሥር አስገባዋለሁ። ስለ አሳብዎ እናመሰግናለን።»

መጻፍ የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች በድምፅ ይልካሉ፤ አትከልክሉ። ያዳመጠው የመጀመሪያው ሰው ከሥሩ በአንድ መስመር ፍሬ ነገሩን ይጻፍላቸው፤ አውቶቡስ ውስጥ ያለ ሰው ማዳመጥ አይችልም።

ግሩፑ ሲግል «ስሎው ሞድ» የሚባለውን አብሩ። አንድ አባል ጽፎ ቀጣዩን እስኪጽፍ ከጥቂት ሴኮንድ እስከ 1 ሰዓት እንዲጠብቅ ያደርጋል፣ አድሚኖችን አይመለከትም። አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ሲበርድ መልሳችሁ አጥፉት።

ከሌላ ቦታ የመጣ «ለሁሉም አድርሱ» የሚል መልእክት ላይ ጥብቅ ሁኑ። ሕፃን የሚሰርቅ መኪና፣ የተመረዘ ዘይት፣ ነገ የሚዘጋ መንገድ፤ ቀንም ቦታም ምንጭም የለውም፣ ከሳይት ሳይት ይዞራል። ያመጣው ሰው «ማን ነገረህ፣ መቼ፣ የት?» ሲባል መልስ ከሌለው ይነሣ። የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሠራጨውንም ይመለከታል፤ «እኔ ፎርዋርድ ነው ያደረግሁት» ማለት ማምለጫ ይሆናል ብላችሁ አትመኑ።

እውነተኛ አደጋ ሲሆን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ስልክ፣ ቀጥሎ ግሩፕ። ለእሳት 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991። ከዚያ አንድ መልእክት፦ ምን፣ የትኛው ብሎክና ፎቅ፣ ማን እንደተጠራ፣ ከጎረቤት ምን እንደሚፈለግ። «ብሎክ 6፣ 3ኛ ፎቅ እሳት። 939 ተጠርቷል። መኪናችሁን ከበሩ ፊት አንሡ።» ሌላው «ምን ተፈጠረ?» አይበል፤ ቅርብ ያለው ይሂድ፣ ሩቅ ያለው ይጠብቅ። ነገሩ ሲያበቃ የመጀመሪያው ጸሐፊ እዚያው ሥር «ጠፍቷል፣ ሰው አልተጎዳም» ብሎ ይዝጋው። ይህ ካልተጻፈ ማታ ከሥራ የሚመለሰው ሁሉ አዲስ አደጋ መስሎት እንደገና ይጠይቃል።

በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ አድሚኖች ተቀምጠው የአባላቱን ዝርዝር ይመልከቱ። የለቀቀ ተከራይ ይውጣ፣ በሁለት ስልክ ሁለቴ የገባ ሰው አንዱን ይምረጥ፣ ጊዜው ያለፈበት ፒን ይነሣ። የውሃው ፈረቃ ተቀይሮ ከሆነ አዲሱ ተጽፎ መስከረም 1 ሳይደርስ ይለጠፍ።